ዚፕ እንዴት ይዘጋል?

ዚፕ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ እጁን ያውጣ ቢባል የማያወጣ አይገኝም። በየቀኑ ጃኬቱን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ምን ሊቸግረው? ወረቀትና እስክሪብቶ ቀርቦለት አሠራሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ጻፍ ሲባል ግን ሁለተኛው መስመር ላይ እጁ ይያዛል። በሚጎተተው ብረት ውስጥ ሁለት ሆኖ የሚጀምርና አንድ ሆኖ የሚያልቅ ቦይ እንዳለ፣ ቦዩም ጥርሶቹን እያቀራረበ አንዱን በሁለቱ መካከል እንደሚከተው ያስተዋለ ጥቂት ነው።

ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ካይል የተባሉ የአሜሪካው የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት የተነሳው ከዚህ ነው። በጥናቱ የተሳተፉት ተማሪዎች ስለ ዚፕ፣ ስለ ልብስ ስፌት መኪና፣ ስለ ሄሊኮፕተርና ስለመሳሰሉት ምን ያህል እንደሚያውቁ ከ1 እስከ 7 ለራሳቸው ነጥብ ሰጡ። ቀጥሎ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ጻፉ፤ ከጻፉም በኋላ እንደገና ነጥብ ሰጡ። ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው አነሰ። ስለ አገሮች ዋና ከተማ ወይም በአንድ ፊልም ውስጥ ስለሚተረከው ታሪክ ሲጠየቁ ግን ይህን ያህል ማሽቆልቆል አልታየም። የከተማ ስም ወይ ትዝ ይላል ወይ አይልም። ዕለት ተዕለት የሚነካ ዕቃ ግን አሠራሩም አብሮ የታወቀ ይመስላል።

ብስክሌትም እንዲሁ ነው። የእንግሊዙ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሬቤካ ላውሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ፔዳሉና ሰንሰለቱ የት እንደሚገኙ እንዲያሳዩ ቢጠየቁ፣ ሰንሰለቱን በሁለቱም ጎማዎች ላይ የጠመጠሙት ነበሩ። እንዲህ ያለ ብስክሌት መታጠፍ አይችልም፤ መሪው ሲዞር ሰንሰለቱ የፊቱን ጎማ ጠፍሮ ይይዘዋል። ከተሳሳቱት መካከል ብስክሌት የሚነዱም አልታጡም።

ተመራማሪዎች የዕውቀት ትሕትና የሚሉት ሰው የሚያውቀው ነገር የት ላይ እንደሚያበቃ መለየቱን ነው። በዚፕና በብስክሌት ላይ ድንበሩን መሳት ብዙ አይጎዳም። በፖለቲካ ላይ ግን ይጎዳል።

ተመራማሪው ፊሊፕ ፈርንባክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመሳሳዩን ሙከራ በኢራን ላይ በሚጣል ማዕቀብ፣ በጡረታ ዕድሜና በሌሎችም የመንግሥት ፖሊሲዎች ላይ አደረጉት። ፖሊሲው እንዴት ውጤት እንደሚያመጣ እንዲያስረዱ የተጠየቁት ሰዎች ዕውቀታቸው ማነሱን አመኑ፤ አቋማቸውም ለዘብ አለ ተባለ። ዜናው ብዙዎችን ደስ አሰኘ። ይሁንና ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ውጤት ግማሹን ብቻ አጸና። ሰዎቹ የሚያውቁት ከገመቱት ያነሰ መሆኑን ተቀበሉ፤ አቋማቸው ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ይህ ውጤት ከመጀመሪያው ይልቅ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። አለማወቅን ማመን በር መክፈት ብቻ ከሆነ፣ በሩን አልፎ የሚያውቀውን ሰው ፍለጋ መሄድ ሌላ ሥራ ነው። የኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ይህን በጉልህ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ያጠኑ ነበር። በሽታውን የሚያስተላልፉት በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ አጣቢዎቹ ሄዱ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ፍሬ ነበር። አንዷን ሴት አረፋውን ሕያው ቀንድ አውጣዎች ካሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቋት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። የላቦራቶሪው ምርመራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የአክሊሉ ትልቅነት የታየው በዚያች ቅጽበት ነው። ዶክተር የሚለው ማዕረግ ወንዝ ዳር ወርዶ ከመጠየቅ አላገዳቸውም። የሚያሳዝነው፣ ግኝታቸው ራሱ በሌሎች ዘንድ ይህን ዓይነት ጆሮ ማጣቱ ነው። ከምዕራባውያን ላቦራቶሪ ያልወጣ በመሆኑ ለዓመታት ተገቢውን ትኩረት እንዳላገኘ አክሊሉ ራሳቸው ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኙ፣ ወንዝ ዳር ካዩት ነገር 25 ዓመት አልፎ ነበር።

ይህን የሚያነብ ሰው አጥብቆ ከሚከራከርበት ጉዳይ አንዱን ይምረጥ፤ የማዳበሪያ ዋጋም ይሁን የልጆች ትምህርት። ለምን እንደሚደግፈው ወይም እንደሚቃወመው ለጊዜው ይተወውና ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ይጻፍ። ጽሑፉ የቆመበት ቦታ ላይ ያንን ሥራ በየቀኑ የሚሠራውን ገበሬ ወይም መምህር ፈልጎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ያዳምጥ።