ከኦስሎ የአደጋ ጊዜ መብራት እስከ ዓለም ስቱዲዮዎች፦ የ‘ቲዩብ’ ማይክሮፎን ለምን አልሞተም?

በኦስሎም ሆነ በአዲስ አበባ ወደሚገኝ የሙዚቃ ስቱዲዮ የገባ ሰው፣ በድምፅ መቀላቀያው ሚክሰር ላይ 48 ቮልት የሚል ቁልፍ ማየቱ አይቀርም። ቁልፉ ሲጫን ኤሌክትሪክ በማይክሮፎኑ ገመድ በኩል ይሄዳል፤ ማይክሮፎኑም ሥራውን ይጀምራል። ቁጥሩ 40 ወይም 50 ሳይሆን ለምን 48 እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መልሱ ያለው ኖርዌይ ውስጥ ነው። በአውሮፓውያኑ 1966 የጀርመኑ ኖይማን ኩባንያ በትራንዚስተር የሚሠራ አዲስ ማይክሮፎን ለኖርዌይ የሕዝብ ማሠራጫ ድርጅት፣ ለኤንአርኬ፣ አቀረበ። ዋና መቀመጫው ኦስሎ የሆነው ድርጅት ማይክሮፎኑ ኃይል የሚያገኘው ድምፅ በሚያስተላልፈው በዚያው ገመድ እንዲሆን ጠይቆ ነበር። በስቱዲዮዎቹ ደግሞ ለአደጋ ጊዜ መብራት የተዘረጋ የ48 ቮልት መስመር ነበረው። ኬኤም 84 የተሰኘው ማይክሮፎን ከዚሁ ቮልቴጅ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ተሠራ። ቁጥሩ ኋላ በጀርመን የኢንዱስትሪ ደረጃ ውስጥ ተደነገገ፤ ዓለምም ተከተለው።

ይህ ውሳኔ ቲዩብ ወይም ቫልቭ በሚባለው፣ አምፖል በሚመስል የመስታወት ዕቃ የሚሠሩ ማይክሮፎኖች ዘመን ማብቂያ መስሎ ነበር። ነገር ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ስቱዲዮዎች የድሮዎቹን በውድ ዋጋ ይፈልጋሉ፤ ፋብሪካዎችም በአምሳያቸው አዳዲሶችን ይሠራሉ። ለምን?

ቲዩቡ ምን ይሠራል?

ኮንደንሰር ማይክሮፎን በውስጡ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የሚሳሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ በወርቅ የተለበጠ ሽፋን አለው። ከሽፋኑ ጀርባ፣ እጅግ በጠበበ ክፍተት ተለይቶ፣ የብረት ሳህን ይገኛል። ሁለቱ በኤሌክትሪክ ተሞልተው ይቀመጣሉ። ድምፃዊ ሲዘፍን አየሩ ሽፋኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ይጠባል። በዚህም የድምፁን መልክ የያዘ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል።

ምልክቱ ግን እጅግ ደካማ ስለሆነ በረጅም ገመድ ተጉዞ ሚክሰሩ ጋር መድረስ አይችልም። ስለዚህ እዚያው ማይክሮፎኑ ውስጥ ተቀብሎ ለጉዞ የሚያዘጋጀው አካል ያስፈልጋል። ቲዩቡ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ቲዩብ እንዲሠራ መጋል አለበት፤ ከፍ ያለ ቮልቴጅም ይፈልጋል። በመሆኑም አብዛኛው የቲዩብ ማይክሮፎን የራሱን የኃይል ሣጥንና ወፍራም ገመድ ይዞ ይዞራል፤ የሚክሰሩን የ48 ቮልት ቁልፍም አይፈልግም። በርካታ ስቱዲዮዎችን ለሚያስተዳድር የሬዲዮ ጣቢያ ይህ ወጪም ድካምም ነበር። ትራንዚስተር ሲመጣ ሣጥኑ ቀረ፣ ማይክሮፎኑ አነሰ፣ ጥገናውም ቀለለ።

‘ሙቀት’ ያለው ድምፅ ከየት ይመጣል?

የቲዩብ ማይክሮፎን ወዳጆች ድምፁን ‘ሙቀት ያለው’ ይሉታል። ቲዩብ ምልክቱ ሲበረታበት ጥቂት ያዛባዋል፤ ይህ መዛባት በዋናው ድምፅ ላይ ለጆሮ የሚስማሙ ተጓዳኝ ድምፆችን ይጨምራል። ሆኖም በተለመደው የአዘፋፈን ጉልበት የመዛባቱ መጠን ትንሽ ነው።

ከቲዩቡ ይልቅ የማይክሮፎኑን ጠባይ አብዝተው የሚወስኑት ሽፋኑ፣ የውጤት ትራንስፎርመሩና ሽፋኑን የከበበው የሽቦ ወንፊት ናቸው። ለዚህም ነው በውስጣቸው ቲዩብ ያላቸው ሁለት ማይክሮፎኖች ፈጽሞ የማይመሳሰል ድምፅ ሊሰጡ የሚችሉት።

በተለይ በርካሽ የሚሸጡ ቅጂዎች ላይ አንድ ችግር በተደጋጋሚ ይታያል። በ1960 የወጣው የኖይማን ዩ67 ሽፋን ቀጭን ድምፆችን አጉልቶ የሚይዝ ነው፤ የመሣሪያው ሰርኪዩት ግን ያንን ትርፍ መልሶ ይቀንሰዋል። ብዙ ርካሽ ቅጂዎች የሽፋኑን ዓይነት ወስደው ማስተካከያውን ትተውታል። ውጤቱ እንደ ‘ሰ’፣ ‘ሸ’ እና ‘ጸ’ ያሉ ፉጨት ያላቸው ድምፆች ጆሮ የሚወጉበት ቀረፃ ነው። አማርኛ ለሚዘፍን ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የማይተካው ዕቃ

የዚህ ታሪክ ትልቁ ስም በ1949 የወጣው ኖይማን ዩ47 ነው። ፍራንክ ሲናትራ ዘፍኖበታል፤ ቢትልሶች በለንደን ቀረፃዎቻቸው ተጠቅመውበታል። ሕይወቱ ግን በአንድ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፦ ቴሌፉንከን በሚያመርተው ቪኤፍ14 በተሰኘ ቲዩብ። ኩባንያው ምርቱን አቆመ፤ ዩ47ም በ1960ዎቹ አጋማሽ ከገበያ ወጣ። የቀሩት ቲዩቦች ዛሬ ብርቅ ናቸው፤ ቲዩቡ የሞተበት ባለቤትም ተመጣጣኝ ምትክ ማፈላለግ ግድ ይለዋል።

ኖይማን ራሱ ዩ67ን በ2018 እንደገና ማምረት ጀምሯል፤ በ1950ዎቹ ዝነኛ የነበረውን ኤም49ም በ2022 መልሶታል። ዋጋቸው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። በሌላው ጫፍ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኙ፣ መልካቸው ግን ከድሮዎቹ ጋር አንድ የሆነ ማይክሮፎኖች አሉ። ገዢው መልኩን ከድምፁ መለየት ይኖርበታል።

ማይክሮፎኑ ወይስ ክፍሉ?

ለዚህ ጥያቄም ኦስሎ ምሳሌ አላት። በ1970 የሙኒኩ ኢሲኤም አሳታሚ መሥራች ማንፍሬድ አይከር የኖርዌያዊውን ሳክስፎን ተጫዋች ያን ጋርባሬክን ‘አፍሪክ ፔፐርበርድ’ አልበም ለመቅዳት ወደ ከተማዋ መጣ። ቀረፃው የታሰበው ከኦስሎ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሄኒ ኦንስታድ የጥበብ ማዕከል ነበር። አዳራሹ ግን ድምፅን ከመጠን በላይ ያስተጋባል። ቡድኑ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ አርነ ቤንዲክሰን ስቱዲዮ ተዛወረ።

በዚያ የጠበቃቸው የድምፅ ባለሙያ፣ እርሱ ራሱ ጊታር ተጫዋች የነበረው ያን ኤሪክ ኮንግስሃውግ ነበር። ኮንግስሃውግ በ1984 በኦስሎ ሬይንቦው ስቱዲዮን ከፈተ፤ በ2019 እስኪያርፍ ድረስም ለኢሲኤም በመቶዎች የሚቆጠሩ አልበሞችን ቀዳ። አድማጮች የዚህን አሳታሚ ሥራ የሚያውቁት በድምፆቹ ጥራትና በመካከላቸው በሚተወው ጸጥታ ነው። የዚያ ድምፅ ታሪክ የጀመረው ማይክሮፎን በመቀየር ሳይሆን ክፍል በመቀየር ነበር።

የኢትዮጵያ ሙዚቃም የራሱ ምሳሌ አለው። ኢቤክስ ባንድ በ1976 የመሣሪያ ሙዚቃውን የቀዳው በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ ነው፤ ቀረፃውን የመራው በብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ይሠራ የነበረ ስዊድናዊ ባለሙያ ነበር። ቀረፃው ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ይደመጣል።

በውስን ገንዘብ ስቱዲዮ ለሚያደራጅ ሰው ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይወጣል፦ መጀመሪያ የክፍሉን ማስተጋባት መግራት፣ ቀጥሎ ማይክሮፎኑ የሚቆምበትን ቦታና ርቀት በጆሮ መፈለግ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቲዩብ ማሰብ። ሲገዙም በራስ ድምፅ ወይም በራስ ማሲንቆ ሞክሮ፣ ከሌላ ማይክሮፎን ጎን ለጎን አዳምጦ መምረጥ ይበጃል። የኃይል ሣጥኑ አደገኛ ቮልቴጅ ስለሚይዝ፣ ሲበላሽ መከፈት ያለበት በባለሙያ እጅ ብቻ ነው።