ዓሣ አየር ሲያጥረው ሥጋው ምን ይሆናል?

ዓሣ ከውሃ ሲወጣ እንደሚሞት ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ዓሣ ውሃ ውስጥ እያለም ታፍኖ ሊሞት ይችላል ቢባል ስንቶቻችን እናምናለን? ነገሩ እውነት ነው። እንዴት እንደሚሆን እንመልከት።

ዓሣም እንደኛ ይተነፍሳል። እኛ የምንተነፍሰው በሳንባ ነው፤ እሱ ደግሞ በስንጥብ። ስንጥብ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ፣ ከክዳን ሥር የሚገኝ ቀይ ማበጠሪያ የመሰለ አካል ነው። ዓሣው ውሃ በአፉ ያስገባና በስንጥቡ ያሳልፋል። ኦክሲጂን የሚባለውን አየር ለራሱ አስቀርቶ ውሃውን ያስወጣል። እኛ ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከ5 እጅ 1ዱ ኦክሲጂን ነው። በ1 ሊትር የሐይቅ ውሃ ውስጥ ያለው ኦክሲጂን ግን ብዙውን ጊዜ የ1 ግራም መቶኛ እንኳ አይሞላም።

ይህም ጥቂቱ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ አረንጓዴ ዕፅዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጂን ይሰጣሉ። ሌሊት ግን እነሱም ራሳቸው ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ችግሩ የሚብሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ፍግና ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲበሰብሱም ኦክሲጂኑን ይጨርሱታል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሐይቅ ላይ የታየው እምቦጭ የሚባለው አረምም የውሃውን ገጽ እየሸፈነ ከሥሩ ያለውን ውሃ አየር ያሳጣዋል።

ዳገት በሩጫ የወጣ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር እግሩ ይዝላል። የዓሣም ጡንቻ እንዲሁ ነው። ኦክሲጂን ሲያጣ ባንዴ ሥራ አያቆምም። ያከማቸውን ስኳር ያለ ኦክሲጂን እያፈረሰ ጉልበት ያወጣል። ያን ጊዜ ላክቲክ አሲድ የሚባል ጎምዛዛ ነገር ጡንቻው ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ አሲድ ለኛ እንግዳ አይደለም። ወተት ሲረጋ እርጎውን የሚያኮመጥጠው እሱው ነው።

ከ100 ግራም የቆሮሶ ሥጋ ውስጥ 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን የልጆቻችንን ሰውነት የሚገነባው ምግብ ነው። የዓሣውንም ጡንቻ አያይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። አሲድ ሲበዛበት ግን ቅርጹ ይበላሻል፤ ውሃ መያዝም ያቅተዋል። አይብ ሲወጣ አጓቱ ለብቻው ይቀር የለም? የዓሣው ሥጋ የእርጎን ያህል ባይኮመጥጥም፣ እንዲሁ ውሃውን እየለቀቀ ይላላል። ሲፈራገጥ ቆይቶ የታፈነ ዓሣ ከሞተ በኋላ ቶሎ ይገተራል፣ ቶሎም ይለሰልሳል። ገበያ እስኪደርስ ሥጋው ይፈርሳል።

ለብዙ ቀን አየር ያጠረው ዓሣስ? ባይሞትም አያድግም። ምግብ ይቀንሳል። ፕሮቲን መሥራት ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ሰውነቱ ሥራውን ያዘገየዋል። እህል ያጠረው ገበሬ ቤት መሥራቱን ለከርሞ እንደሚያቆየው ማለት ነው። የምንሰጠውም መኖ በከንቱ ይቀራል። አምባዛ ብቅ እያለ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል ከሌሎቹ ይሻላል። ቆሮሶ ግን እንደሱ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መረብ ጥለን ከሆነ በጊዜ እናውጣው። የመረቡ ክር የስንጥቡን ክዳን ጨምድዶ ከያዘው ዓሣው እዚያው ውሃ ውስጥ ይታፈናል። የያዝነውን ዓሣ ሳናሠቃይ ቶሎ እንግደል፤ ሆድቃውን አውጥተን በንጹሕ ውሃ እንጠበውና ጥላ ውስጥ እናስቀምጠው። ሞቶ ተንሳፍፎ የተገኘ ዓሣ ግን መቼና በምን እንደሞተ ስለማይታወቅ አንብላው።

ኩሬ ያለን ደግሞ ፍግ አናብዛ፤ አረሙንም እንንቀል። ሊነጋጋ ሲል ወጣ ብለን እንይ። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ከውሃው ገጽ ላይ ከተሰበሰቡ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ መኖውን እናቁም። አዲስ ውሃም ከፍ ካለ ቦታ እየተንፏፏ እንዲገባ እናድርግ። ውሃው ሲወርድ አየር ይዞ ይገባልና።

ዓሣው ደኅና ከተነፈሰ ሥጋው ይጠነክራል፤ ድካማችንም ለቤታችንና ለገበያችን ይተርፋል።