በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ለሴቶች ሥራ አጥነት ምክንያት የሆኑ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ሁኔታዎች

በስታቲስቲክስ አቆጣጠር ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ሥራ የሚፈልግ ሰው ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማ ወይም በአምባሰል ወረዳ በውጫሌ ትምህርቷን ጨርሳ እንጀራ ስትጋግርና በሽተኛ ስታስታምም የምትውል፣ ሥራ ፍለጋም ያልወጣች ወጣት ከሠራተኞችም ከሥራ አጦችም አትቆጠርም። ችግሩ በመዝገብ ከሚታየው የሚሰፋውም ስለዚህ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጾታ ሳይለይ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ሆኖም ምዝገባው በቤተሰብ ኃላፊ ስም በመሆኑ ያገባች ሴት ድርሻ በባሏ ስም ተጠቃሎ ቀረ። በ1990ዎቹ በአማራ ክልል መሰጠት የጀመረው የይዞታ ደብተር ባልና ሚስትን አጣምሮ በመመዝገቡ ይህን ጉድለት በብዙ አቃንቷል፤ ግን አዲስ መሬት አልፈጠረም። በኋላ ለደረሱት ሴቶች ልጆች የቀረው ተስፋ ውርስ ወይም ጋብቻ ነው። በልማድም ሴት እርፍ ስለማትጨብጥ፣ መሬት ያገኘችው እንኳ ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ትካፈላለች።

ከሐይቅ ወደ ደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኮምቦልቻ የሚገኘው የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሌላ በር የተከፈተ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ ከልብስ ስፌት የሚገኘው ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከምግብ የሚተርፍ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ አካባቢውን አዳረሰ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአጎዋ የገበያ ዕድል ተሰረዘች።

እንግዲህ በቤት ያለ ዋጋ የሚሠራው ምግብ ማብሰል፣ ማጠብና ልጅ ማሳደግ በዐረብ አገር ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን ወጣቶቹ አይተዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ መንግሥትም ጉዞውን ሲያግድ ፍላጎቱ አልበረደም፤ የቤተሰብ ዕዳና የተጀመረ ቤት ይጠብቃልና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሁሉ 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅ ጠየቀ። ዓላማው ተጓዦችን መጠበቅ ቢሆንም፣ ለሁለተኛ ደረጃ መሸጋገሪያ የሆነው ምስክር ወረቀት በዚሁ የጉዞ ሰነድ ሆነ። የእነዚያን ዓመታት የወረዳ ትምህርት መዝገብ የሚመረምር ዕቅድ አውጪ 8ኛ ክፍል የጨረሱትን ልጃገረዶች ብዛት ከማወደሱ በፊት፣ 9ኛ ክፍል የተመዘገቡትን ማመሳከር ይኖርበታል።