ሐኪም «ፊሽ ያስፈልጋል» ሲል ምን ማለቱ ነው? ስለ ቢጫዋ ነጥብ

ከሮቢት አንድ ተከታታያችን የላከልን ጥያቄ ነው። ታላቅ እህቱ ግራ ጎኗ አብጦ፣ ላብ እያጠመቃትና ክብደቷ እየቀነሰ ወራት ቆየች። መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ታከመች፤ አልተሻላትም። ኋላ አዲስ አበባ ስትደርስ «የደም ካንሰር ይመስላል፣ ፊሽ ይሠራላት» የሚል ወረቀት ተጻፈላት። «ፊሽ እኮ ዓሣ ነው፤ እታለምን ምን ሊያደርጓት ነው?» ይላል ወንድም። ሳቅ ያለበት ጥያቄ ነው፣ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ፊሽ ዓሣ አይደለም። የምርመራው ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አራት ቃላት አሉት፤ የመጀመሪያ ፊደላቸው ሲገጣጠም «ፊሽ» ሆነ፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ፤ 23 ጥንድ ማለት ነው። 9ኛው ላይ ኤቢኤል የሚባል ዘረ-መል አለ፣ 22ኛው ላይ ደግሞ ቢሲአር። በአንድ የመቅኒ ሴል ውስጥ ሁለቱም ክሮሞዞሞች ይሰበሩና ጫፋቸውን ይለዋወጣሉ። ኤቢኤል ከቦታው ተነሥቶ ሄዶ ቢሲአር ላይ ይለጠፋል። ኤቢኤል ለብቻው ሲሆን ሴሉን «ተባዛ» የሚል፣ ሲበቃው የሚያቆም ነው። ቢሲአር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ግን ማጥፊያው እንደተበላሸ የመስኖ ፓምፕ ነው፤ ማሳው ቢጥለቀለቅም አይቆምም። ነጭ የደም ሴል ያለ ልክ ይመረታል። ሥር የሰደደው ማይሎይድ የደም ካንሰር የሚባለው ይሄ ነው።

አጥሮ የቀረውን 22ኛ ክሮሞዞም በ1960 ያገኙት ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ ናቸው፤ በከተማቸው ስም ፊላደልፊያ ክሮሞዞም ተባለ። የጎደለው ጫፍ የት እንደገባ ለማወቅ 13 ዓመት ፈጀ። በ1973 የቺካጎዋ ጃኔት ራውሊ የክሮሞዞም ፎቶዎችን በመቀስ እየቆረጠች ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ስታዛምድ ነው ልውውጡ የገባት። ልጆቿ እናታቸው በወረቀት አሻንጉሊት የምትጫወት ይመስላቸው ነበር ይባላል።

አሁን ወደ ፊሽ። ዲኤንኤ ሁለት ክር ነው፤ አንዱ ክር ሌላኛውን ካልሆነ በስተቀር አይገጥምም። ስለዚህ የኤቢኤልን ቦታ ብቻ የሚገጥም አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ይዘጋጅና ቀይ የሚያበራ ቀለም ይታሰርበታል። የቢሲአር ቁራጭ ደግሞ አረንጓዴ ይታሰርበታል። ከታማሚው ደም ወይም መቅኒ የተወሰዱ ሴሎች መስታወት ላይ ይደረጋሉ፤ ወደ 73 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቁ የዲኤንኤው ሁለት ክር ይላቀቃል። ከዚያ በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰውነታችን ሙቀት፣ ያድራሉ። ቀለም የታሰረባቸው ቁራጮች ሌሊቱን ቦታቸውን ፈልገው ይለጠፋሉ። ጠዋት በጨለማ ክፍል ውስጥ በልዩ ማይክሮስኮፕ ይታያል።

ማታ ከዞብል ተራራ ቁልቁል ወደ ቆቦ ሜዳ እያያችሁ ነው እንበል። አንዱ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ ባትሪ ይዘው ተራርቀው ሲሄዱ ሁለት መብራት ትለያላችሁ። ጎን ለጎን ከቆሙ ግን ከሩቅ የሚታያችሁ አንድ ቢጫ መብራት ነው። ጤነኛ ሴል ላይ 2 ቀይና 2 አረንጓዴ ይታያል። ልውውጡ ያለበት ሴል ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1 ቀይ፣ 1 አረንጓዴና 2 ቢጫ ይሆናል። ነጥብ ዝም ብሎ በአጋጣሚም ሊደራረብ ስለሚችል አንድ ሴል ታይቶ አይፈረድም፤ 200 ያህል ይቆጠራሉ።

ለኛ አካባቢ ሰው ይሄ ለምን ይጠቅመዋል? ጣፊያ የሚያሳብጠው ብዙ ነገር ነው። ቆላ ላይ ወባ አለ። ለአጨዳ ሁመራና መተማ የሚወርድ ወጣት ካላዛር ይዞ ሊመለስ ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ያው ያበጠ ግራ ጎን ነው። መጀመሪያ የሚለያቸው ግን ተራ የደም ቆጠራ ነው፦ በካላዛር ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፤ በዚህ ካንሰር ደግሞ ከ100,000 በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከ11,000 ብዙም የማያልፈው። ስለዚህ ጣፊያው አብጦ የወባ መድኃኒት ያልሠራለት ሰው የደም ቆጠራ ይሠራልኝ ማለት መብቱ ነው።

ከባዱ ክፍል ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፊሽ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክበት ጊዜም አለ። ከሮቢት አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ጊዜ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይደለም። ታዲያ ልፋቱ ለወረቀት ብቻ አይደለም። ኢማቲኒብ የሚባለው እንክብል፣ በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው፣ የዚያን ፓምፕ ነዳጅ መግቢያ ነው የሚደፍነው። ከመድኃኒቱ በፊት ብዙዎች ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር የሚኖሩት። በትልቁ ጥናት በዚህ መድኃኒት ከጀመሩት 83 በመቶ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ኖቫርቲስ ኩባንያና ማክስ ፋውንዴሽን በሚያካሂዱት ፕሮግራም፣ ለታማሚዎች በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። ይህን ለማግኘት ግን ልውውጡ በምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ፊሽ የማይችለውም አለ። ሕክምና ተጀምሮ የታመሙት ሴሎች በጣም ሲያንሱ 200 ሴል ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። ለክትትል የሚሻለው ፒሲአር ነው። ለቲቢ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽንም ለዚህ የሚሆን የራሱ ካርትሬጅ አለው።

ወንድም ሌላም ጠይቆናል፦ «ይተላለፋል? ልጆቿስ?» አይተላለፍም። ክሮሞዞሞቹ የተሰበሩት አንድ የመቅኒ ሴል ውስጥ፣ ካደገች በኋላ ነው፤ ከእናቷ አልወረሰችውም፣ ለልጆቿም አታወርሰውም። አብሮ መብላትም ሆነ መተኛት ምንም አያመጣም። መድኃኒቱን ከጀመረች ግን «ጎኔ ጎደለ፣ ተሻለኝ» ብላ በራሷ እንዳታቆም፤ ጣፊያው ሲመለስ ሁሉም ሴል ጠፋ ማለት አይደለም።