ቅናሽ ጉዞ በወረርሽኝ ሰሞን፦ ቀብድ ከመላካችን በፊት

“ከጎጆ ተነስተን በጊንጪ፣ አምቦ፣ ወንጪ! ጀልባ፣ ምሳ፣ ፎቶ ጭምር። ዋጋው በግማሽ ቀንሷል፣ ዛሬውኑ ቀብድ ላኩ!” እንዲህ ዓይነት መልእክት ቴሌግራም ላይ ሲመጣ እኛንም ያጓጓናል። ግን ዋጋው የቀነሰው “በሽታ ገባ” በተባለ ሰሞን ከሆነስ? እንክፈል ወይስ እንተወው?

እኛ አንዴ ተምረንበታል። በ2012 ለፋሲካ ባሕር ዳር ሄደን ጣና ላይ በጀልባ ልንዞር ተመዘገብን። ቅናሹ ስቦን ሙሉውን ከፈልን። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ክልሎች የሕዝብ ትራንስፖርት አገዱ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዘጋጁ ስልክ ማንሳት አቆመ። ደረሰኝ አልያዝንም ነበር፣ ብሩም በዚያው ቀረ።

በዓለም ደረጃም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ “ዳይመንድ ፕሪንሰስ” የተባለች የሽርሽር መርከብ 3,711 ሰው እንደያዘች ጃፓን፣ ዮኮሃማ ወደብ ላይ ታገደች። ከ700 በላይ ሰዎች በኮሮና ተያዙ። መርከቦች ባዶ እንዳይሄዱ ድርጅቶች ዋጋ ቀነሱ፣ ብዙ ሰው “እንዲህ ርካሽ መቼ ይገኛል” ብሎ ገዛ። መጋቢት 5 ግን አሜሪካ መርከቦቹ ሰው ይዘው እንዳይጓዙ አገደች።

ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ።

1. በሽታው የሚተላለፈው በምንድነው?
ኮሮና በትንፋሽ ነው። የወንጪ ሐይቅ ጀልባ ክፍት አየር ላይ ስለሆነ ያን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው ወደዚያ የሚወስደን ሚኒባስ ነው። በጀልዱ ብርድ “መስኮት ክፈቱ” ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ኮሌራ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ስለምትጠጡት ውሃና ስለምትበሉት ምግብ ነው።
ማርበርግ ሌላ ነው፤ በታመመ ወይም በሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ይተላለፋል። ህዳር 5 ቀን 2018 ጂንካ ላይ መከሰቱ ሲረጋገጥ፣ በእኛ እምነት ለዚያ ብሎ የወንጪን ጉዞ መሰረዝ አያስፈልግም ነበር። ለሽርሽር ወደ ጂንካ መሄድ ግን ቢቆይ ይሻል ነበር። ማብቃቱ የታወጀው ጥር 18 ነው። ምልክቱ እስኪታይ እስከ 21 ቀን ስለሚወስድ፣ ከመጨረሻው ታማሚ በኋላ የዚያ እጥፍ፣ ማለትም 42 ቀን ይጠበቃል።

2. መንገድ ላይ ብንያዝ ወጪው የማን ነው?
ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ 14 ቀን ሆቴል ውስጥ በራሱ ወጪ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። በርካሽ ትኬት የመጣ ሰው የሆቴሉን ሂሳብ ሲደምር ርካሽነቱ የት አለ? እዚህም መኪና ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ሲደረግ ታሪፍ ጨምሯል። የመመለሻ ብር ለብቻው ይያዝ።

3. ስንመለስ ቤት ማን አለ?
ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። እኛ ወጣቶች ጉንፋን መስሎን ልናልፈው እንችላለን። እቤት ግን አያት፣ ስኳር ወይም አስም ያለባት እናት አለች። ቅናሹ ለኛ ነው፣ ዕዳው ግን ለእሷ ሊተርፍ ይችላል።

4. ጉዞው ቢቀር ብሩ ይመለሳል?
“አይዞሽ፣ እንተዋወቃለን” ደረሰኝ አይደለም። አዘጋጁ ንግድ ፈቃድ አለው? “በሽታ ቢከለክል ገንዘቡ ይመለሳል” ብሎ በጽሑፍ ይሰጣል? “ቀኑ ይዛወርላችኋል” ማለት ብር መመለስ ማለት አይደለም። በቴሌብር ከከፈላችሁ መልእክቱን አታጥፉ።

የኛ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ለአራቱም ጥሩ መልስ ካገኛችሁ ሂዱ፣ ተዝናኑ። በሦስተኛው ከተጠራጠራችሁ ግን በነፃም ቢሆን ይቅር። በአራተኛው ከተጠራጠራችሁ፣ ቢጠፋ የማይቆጫችሁን ያህል ብቻ ቀብድ ላኩ። ስለ በሽታው ወሬ ስትሰሙ ደግሞ ግሩፕ ላይ ከመጠየቅ 8335 ወይም 952 ደውሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ወንጪ እንደሆነ የትም አይሄድም።