ተማሪው ሲደርስ ሠራተኛው ሄዷል፦ ስለ መመረቂያ ጥናት የሚነገረው ተረትና የመተማው እውነታ

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው አስፋልት ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሱዳኗ ገላባት ናት። አገሩን ብዙ ሰው የሚያውቀው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው፤ ነጋዴው ደግሞ በሰሊጡ። በየዓመቱ መጠይቅ በቦርሳው፣ የድጋፍ ደብዳቤ በእጁ ይዞ የሚወርድ ሦስተኛ እንግዳም አለ፤ እሱም የማስተርስ ተማሪው ነው። ስለ ሰፈራ፣ ስለ ሰሊጥ ገበያ፣ ስለ ስደት፣ ትምህርት ስለሚያቋርጡ ልጆች ከመተማ፣ ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ የተሰበሰበ መረጃ በየዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት ቤት አለ። መረጃው ስለሚሰበሰብበት መንገድ ግን ግቢው ውስጥም ቀበሌው ውስጥም ብዙ የተሳሳተ እምነት አለ። አንዳንዱን ቶሎ እናልፈዋለን፤ አንዱ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

«ናሙናው ብዙ ከሆነ ጥናቱ ታማኝ ነው»

የአገራችንን መመረቂያ ጽሑፍ ሦስተኛ ምዕራፍ ገልጦ ያየ ሰው ያማኔ የሚለውን ስም ሳያገኝ አይቀርም። ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው የስታቲስቲክስ መማሪያ ውስጥ ያለች አጭር ቀመር ናት። የሕዝቡን ቁጥር በስሕተቱ መጠን ካሬ ታባዛለህ፣ አንድ ትደምራለህ፣ ከዚያ የሕዝቡን ቁጥር በዚህ ታካፍላለህ። የስሕተቱን መጠን እንደ ልማዱ 5 በመቶ እናድርገውና እናስላ። 2,000 አባወራ ላለበት ቦታ 333 ሰው ይወጣል። ለ20,000 አባወራ 392፣ ለ200,000 ደግሞ 399። ሕዝቡ መቶ እጥፍ ሲያድግ ናሙናው የጨመረው 66 ሰው ብቻ ነው። ያንድ ወረዳም ሆነ ያንድ ዞን ጥናት ወደ አራት መቶ ሰው የሚጠጋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «አራት መቶ ሰው ጠይቄአለሁ» የሚለው አነጋገር ለብቻው የትጋት ማስረጃ አይሆንም። ቁጥሩን ያመጣችው ቀመሯ ናት።

ቀመሯ አልተሳሳተችም። ነገር ግን የምትሠራው የሕዝቡ ዝርዝር ሙሉ ከሆነና ከዝርዝሩም ሰው በዕጣ ከተመረጠ ብቻ ነው። ይህ ሲጓደል ብዛት እንደማያድን ዓለም እ.ኤ.አ. በ1936 አይቶታል። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሰጡትን መልስ ቆጥሮ በፕሬዝዳንታዊው ምርጫ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ሩዝቬልት ከሁለት ክፍለ ግዛቶች በቀር ሁሉንም ወሰደ። መጽሔቱ ስሞቹን በብዛት የለቀመው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ የደላው ሰው ነው። መልሱን መልሶ የላከውም የተጠየቀው ሁሉ አልነበረም።

መተማ ላይ ዝርዝሩ የሚመጣው ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ቤት የሠራ፣ መታወቂያ ያወጣ፣ መሬት የተመራ ሰው ነው። በእርሻ ካምፕ የሚያድረው ደገኛ የቀን ሠራተኛ የለበትም። ድንበር ለመሻገር ደላላ የሚጠብቀው ወጣትም የለበትም። ከዚህ መዝገብ አራት ሺሕ ሰው በዕጣ ቢወጣ እንኳ እነዚህ ሰዎች ሊገኙ አይችሉም።

«መረጃ መቼም ቢሰበሰብ ያው መረጃ ነው»

ጊዜ የሚፈልገው ይህ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የራሱ ዓመት አለው። ተማሪው መስከረምና ጥቅምትን ክፍል ውስጥ ወይም ርእስ በመምረጥ ያሳልፋል። ፕሮፖዛሉ ብዙውን ጊዜ በታኅሣሥና በጥር ይጸድቃል፤ የካቲትና መጋቢት የመስክ ወራት ይሆናሉ፤ በግንቦት ጽሑፉ ይገባል፤ በሰኔ ዲፌንስ ነው። በዚህ አቆጣጠር መተማ የሚደረሰው በበጋው እምብርት፣ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ወራት ነው።

ሰሊጥም የራሱ ዓመት አለው። ዝናቡ ሲይዝ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ይዘራል፤ ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው፤ መስከረም ሲገፋ አጨዳው ይጀመርና ጥቅምትን ይዞ ይሄዳል። ሰሊጥ ደግሞ ገበሬውን አይታገሠውም። ፍሬው ሲደርስ ቆቡ ይፈነዳና ዘሩ መሬት ላይ ይበተናል። በጥቂት ቀን የዘገየ ሰው የዓመት ድካሙን አፈር ውስጥ ይለቅመዋል። ስለዚህ ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ሂላ (የሰሊጥ ክምር) ሆኖ እስኪቆም ድረስ ቆላው ሁሉ በጥድፊያ ነው። የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይንራል። ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ሰው በየመኪናው ይጎርፋል፤ ካምፑ ይሞላል፤ ወባውም የሚበረታው በዚሁ ሰሞን ነው። ከዚያ ሥራው ይሳሳል። ማሽላና ጥጥ የሚያቆየው ይቆያል እንጂ አብዛኛው ሠራተኛ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል።

እንግዲህ «የወቅታዊ ሠራተኞች የኑሮ ሁኔታ» የሚል ርእስ የያዘ ተማሪ በየካቲት ገንዳ ውኃ ሲወርድ ሠራተኛው የለም። የሚያገኘው ባለእርሻውን፣ ባለሱቁን፣ የጽሕፈት ቤት ባለሙያውንና አገሩን ለምዶ የቀረውን ጥቂት ሠራተኛ ነው። መጠይቁን የሚሞላው እነሱ በሚያስታውሱት ነው። የቀረው ሠራተኛ ደግሞ ከሄደው ጋር አንድ አይደለም፤ የታመመ ወይም ገንዘቡ ያለቀበት ሊሆን ይችላል፤ ቆላውን የለመደና ትዳር የያዘም አለ። ከአራት ወር በኋላ የተነሣ ፎቶ የጥቅምትን ካምፕ አያሳይም።

ይህ የእኛ ተማሪዎች ብቻ ድክመት አይደለም። እንግሊዛዊው የልማት ተመራማሪ ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ የገጠርን ድህነት ለማየት የሚወጡ ባለሙያዎች እንዴት እንደሚሳሳቱ ሲዘረዝር ሁለቱን በግልጽ አስፍሯል፦ አስፋልቱን ተከትሎ መሄድና በበጋ ብቻ መሄድ። ሁለቱም መተማ ላይ በአንድ ላይ ይገኛሉ። ቋራ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ በአላጥሽ ፓርክ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችና የጉሙዝ መንደሮች ለተማሪ ኪስ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቀበሌዎች ከመንገዱ ዳር «በዓላማ» ይመረጣሉ። ምክንያቱ «ለጥናቱ አመቺ በመሆናቸው» ተብሎ ይጻፋል። ለማን እንደሚመቹ ጽሑፉ አይናገርም።

ተማሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን የምወቅሰው የትምህርት ክፍሉን ነው። በጥቅምት መስክ ልውጣ የሚል ተማሪ ኮርስ ያመልጠዋል፣ በሰኔ ካልጨረሰ ይራዘምበታል፣ የምርምር ገንዘቡም ቶሎ አይለቀቅለትም። ርእሱን ያጸደቀው ኮሚቴ ሰሊጥ መቼ እንደሚታጨድ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ኖሮ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቅ ነበር።

«ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡት በወላጆች የግንዛቤ ማነስ ነው»

ይህ ዐረፍተ ነገር በትምህርት ዘርፍ መመረቂያ ጽሑፎች መደምደሚያ ላይ ዘወትር ይገኛል፤ ምክረ ሐሳቡም ዘወትር «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ነው። የሚመጣው ከተጠያቂው ነው። ርእሰ መምህሩን «ለምን ያቋርጣሉ?» ብትለው የወላጅ ግንዛቤ ይልሃል፤ የወረዳው ባለሙያም እንዲሁ። ለመናገር የማይከብድ፣ ማንንም በስም የማያስጠይቅ መልስ ነው።

ሁለቱን ካላንደሮች ደግሞ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ሰሊጡ የሚደርሰውም በመስከረም ነው። ልጁ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወደ ማሳ ይወርዳል። የቀን ክፍያው በዓመቱ ውስጥ ከፍ የሚልበት ሰሞን ነው፤ ለድኻ ቤት ደብተርና ልብስ የሚገዛውም ይኸው ገንዘብ ነው። ኅዳር ላይ ሲመለስ ክፍሉ ብዙ ምዕራፍ ሄዷል። የልጁ አባት የትምህርትን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የጥቅምትን ገንዘብ ዋጋም ያውቃል። ለአርብቶ አደር አካባቢዎች አማራጭ መሠረታዊ ትምህርትን እንደ ኑሯቸው ሰዓት አስተካክሎ መስጠት በአገራችን የቆየ አሠራር ነው። ለሰሊጥ አምራች ወረዳዎች ካላንደሩን ማስተካከል ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ጥሩ የጥናት ጥያቄ ይወጣዋል። «ግንዛቤ» ብሎ የዘጋ ጥናት ግን እዚህ ጥያቄ ላይ አይደርስም።

«አልፋው ከ0.7 ካለፈ መጠይቁ ትክክል ነው»

በአጭሩ፦ አይደለም። ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቀው ይህ አልፋ የተባለ መለኪያ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚስማሙ ይነግርሃል። ሁሉም በአንድ ላይ የተሳሳተ ነገር ሲለኩም ይስማማሉ። «ፒ ከ0.05 በታች ስለሆነ ምክንያቱ ተረጋገጠ» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ይጠቁማል እንጂ ማን ማንን እንዳመጣ አይናገርም።

«መጠይቅ የያዘ ሰው ወይ ግብር ወይ እርዳታ ይዞ ይመጣል»

ይህኛው ተረት የመንደሩ ነው፤ ከባዶ ሜዳም አልበቀለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም በአራት ክልሎች 2.2 ሚሊዮን ሰው በሦስት ዓመት ለማስፈር ያቀደ ነበር፤ በአማራ ክልል መተማና ቋራ ሰፋሪ ተቀብለዋል። ያኔ ስሙን ያስመዘገበ መሬትና የወራት ስንቅ ያገኝ ነበር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በመተማ የገቡትና ኩመርና አውላላ መጠለያዎች የደረሱት ስደተኞችም ቢሆኑ ስም ሲጻፍ ይጠብቁ የነበረው እህልና ድንኳን ነበር። የመሬት ልኬት የመጣባቸው ቀናት ደግሞ ለገበሬው ሌላ ትዝታ አላቸው።

ስለዚህ ተማሪዋ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር መጥታ «አባ፣ ስንት ሄክታር ያርሳሉ?» ብትል መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሽማግሌው ሊቀ መንበሩን ያያሉ፤ «ምን አለኝ ልጄ፣ ይቺው ናት እንጂ» ይላሉ። «ስንት ቤተሰብ አለዎት?» ስትል ግን የጎንደሩ የልጅ ልጅም ይቆጠራል። መሬቱ አንሷል፣ ቤተሰቡ በዝቷል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን አካፍሎ ድህነትን ሲያወጣ ተማሪዋ ውጤቱን በሠንጠረዥ ታስቀምጠዋለች። ሽማግሌውን ውሸታም ማለት ግን ስሕተት ነው። ባለሥልጣን ፊት ለቀረበላቸው ጥያቄ የሚበጃቸውን መልስ ሰጥተዋል። መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም፦ ሊቀ መንበሩን አመስግኖ ማሰናበት፣ «ምንም ይዤ አልመጣሁም፣ ለትምህርቴ ነው፣ ካልፈለጉ ይተዉት» ብሎ በግልጽ መናገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ስለ መሬት አለመጠየቅ።

«መመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል»

ግማሽ እውነት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ጽሑፎቹ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ናቸው። ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የጻፉት የዶክትሬት ጥናት የኢትዮጵያንና የሱዳንን የምዕራብ ድንበር ግንኙነት የሚመለከት ነው፤ የኢትዮጵያን የዘመናዊ ታሪክ መማሪያ ያዘጋጁልን ምሁር የጀመሩት ከድንበር ነው ማለት ነው።

መተማም የራሷ ምስክር አላት። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2012 በካናዳ መንግሥት ገንዘብ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አማካይነት የተካሄደው አይፒኤምኤስ የተባለ ፕሮጀክት ከመረጣቸው አሥር የመማሪያ ወረዳዎች አንዷ መተማ ነበረች። ፕሮጀክቱ የማስተርስ ተማሪዎችን ደግፎ ወደ ወረዳዎቹ ይልክ ነበር፤ የወረዳው የግብርና ሠራተኞችም ራሳቸው ተማሪዎች ሆነው ይገቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የቀረበው የመተማ ሰሊጥ ገበያ ጥናት የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ከማኅበራዊ ሳይንስ ትንሽ ወጣ ብንል ደግሞ፣ የዕጣን ዛፍ በአካባቢያችን እየመነመነ መሄዱን እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም ያሳወቀው ጥናት መተማን ጨምሮ ከተለያዩ ቦታዎች በተሰበሰበ የብዙ ዓመት ቆጠራ ላይ የቆመ ነው።

የቀረው ግማሽ እውነት ይህ ነው፦ እነዚህ ጽሑፎች በብዛት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። መልስ የሰጡት ሽማግሌ ቀርቶ መረጃውን የፈቀደው የወረዳ ጽሕፈት ቤትም አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ አይደርሰውም። ዛሬ ምርምር የሚጀምር ሰው ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ለወረዳው መላክ አይከብደውም።

ለዘንድሮ ተመራቂዎች አንድ ልመና አለኝ። ርእሳችሁ የቀን ሠራተኛን፣ የሰሊጥ ገበሬን ወይም ትምህርት የሚያቋርጥ ልጅን የሚመለከት ከሆነ፣ አማካሪያችሁ ፊት ስለ ናሙና ብዛት ከመከራከራችሁ በፊት የጥቅምት የመስክ ፈቃድ ጠይቁ። ከተከለከላችሁ ርእሱን ቀይሩ።