በወረርሽኝ ወቅት ትንኝን፣ ዝንብንና አይጥን ከቤትና ከጓሮ ማራቅ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ በብዙ ቤቶች የኑሮ ልማድ ተለውጧል። እጅን ደጋግሞ ለመታጠብ ሲባል በርሜሉ፣ ጀሪካኑና ባልዲው ከቀድሞው በበለጠ ውኃ ይዞ መዋል ጀመረ። ገበያ ላለመመላለስ እህሉ፣ ዱቄቱና ሽሮው በብዛት ተከማቸ። ቤተሰቡ ቀኑን ሙሉ በቤት ሲውል ደግሞ ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ በዛ። ሦስቱም ተገቢ ወይም የማይቀሩ ለውጦች ናቸው። ይሁን እንጂ የተጠራቀመው ውኃ ትንኝን፣ የተከማቸው እህል አይጥን፣ ያልተወገደው ቆሻሻ ዝንብን ወደ ቤት ይጠራል።

ስለ ኮሮና ቫይረስ በሰፊው ከሚነገሩት ነገሮች አንዱን በቅድሚያ ማጥራት ያስፈልጋል። ትንኝም ሆነ የቤት ዝንብ ይህን ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው እንደሚያስተላልፉ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በበሽታው የተያዘ ሰው ሲተነፍስ፣ ሲናገር፣ ሲያስልና ሲያስነጥስ በሚወጡ ጥቃቅን ፍንጣቂዎች ነው። ስለዚህ ቤትን ከነፍሳት መጠበቅ ጭምብል ማድረግንና ርቀት መጠበቅን አይተካም። አስፈላጊነቱ በሌላ ምክንያት ነው። የጤና ተቋማት በወረርሽኙ ሕሙማን በተጨናነቁበት ጊዜ ወባ፣ ተቅማጥና ሌሎች መከላከል የሚቻሉ በሽታዎች ሲጨመሩ ሸክሙ ከአቅም በላይ ይሆናል፤ ታማሚውም ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ይቀራል።

የውኃ ማጠራቀሚያና ትንኝ

የወባ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የክረምቱን ማብቂያ፣ ረግረጉን፣ የወንዝ ዳር ኩሬውንና የከብት ኮቴ ረግጦ ያቆረውን ውኃ ነው። ግንዛቤው ትክክል ነው፤ በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ የምትራባው ፀሐይ በሚያገኘው እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ነው። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ከተማ ሌላ ዓይነት የወባ ትንኝ ተገኘች። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ይህች ትንኝ በደቡብ እስያና በዓረብ ባሕረ ገብ ምድር የምትታወቅ ስትሆን፣ ለመራባት ረግረግ አትሻም። በርሜል፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ወይም ክዳኑ የተከፈተ ሮቶ ይበቃታል። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ከዚህች ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን ጥናት አሳይቷል። ወባ የገጠር በሽታ ነው፣ በበጋም አይመጣም ብሎ መዘናጋት ከእንግዲህ ለከተማ ነዋሪ አያዋጣም።

በዚሁ በርሜል ውስጥ የምትራባ ሌላም ትንኝ አለች። ኤደስ ኢጂፕቲ የምትባለው ይህች ትንኝ የምትነድፈው በቀን ሲሆን፣ የደንጊ ትኩሳትንና ቺኩንጉኒያን ታስተላልፋለች። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. በደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ ተጠቅታለች። የኤደስ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ከውኃው ወለል ከፍ ብሎ በዕቃው የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ ዕቃው ደርቆ ቢከርም ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ውኃ እንደገና ሲሞላና ሲነካው ይፈለፈላል። በርሜልን ገልብጦ ውኃውን መድፋት ብቻ በቂ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የውስጥ ግድግዳውን፣ በተለይም ውኃው ይደርስበት የነበረውን መስመር፣ በሻካራ ብሩሽና በሳሙና አጥብቆ መፈተግና እጥበቱን ደረቅ መሬት ላይ ማፍሰስ ይገባል።

በሞቃት አካባቢ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትበር ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። በየሳምንቱ የሚደረግ እጥበት ይህን ዑደት ይሰብረዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚደረገው ግን አንድ ትውልድ ትንኝ በርሮ ከወጣ በኋላ የሚደርስ ነው። ቤተሰቡ አንድ የታወቀ ቀን ቢመርጥና ሥራውን ለአባላቱ ቢያከፋፍል አይረሳም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሞላን በርሜል መድፋት የማይታሰብ ነው። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ክዳን ነው። ክዳን ከሌለ ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ ጨርቅ በአፉ ላይ ወጥሮ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ማሰሪያ ዙሪያውን አጥብቆ ማሰር ይቻላል። ጨርቁ መሐሉ ከረገበና ውኃ ካቆረ ግን ራሱ መራቢያ ይሆናል፤ ስለዚህ ውጥረቱን ማየት ተገቢ ነው። በጀሪካን ያለ ውኃ ክዳኑ ከተጠበቀ ስጋት የለውም።

በወረርሽኙ መጀመሪያ ወራት በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጡት የእጅ መታጠቢያ በርሜሎችም እዚህ ላይ ሊታሰቡ ይገባል። ሳሙናው አልቆ ወይም ቧንቧው ተሰብሮ አገልግሎት ያቆመ በርሜል ዝናብ እያጠራቀመ ከቆመ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። የሚያገለግለው ይጠገን፣ የማያገለግለው ይነሳ። ከመታጠቢያው ሥር የሚፈሰውም ውኃ እንዳያቁር ጠጠርና ድንጋይ ወደተሞላ ትንሽ ጉድጓድ ማስረግ ይቻላል። በጓሮ የተጣለ የመኪና ጎማ፣ የተሰበረ እንስራ፣ የቀለም ቆርቆሮና የጣሪያ አሸንዳ ላይ የተጠራቀመ ቅጠልም በዚያው ሳምንታዊ ቀን ሊታዩ ይገባል።

በኬሚካል የተነከረ አጎበር በሌሊት ከምትነድፈው የወባ ትንኝ ይከላከላል። አጎበር ሲቆሽሽ በለስላሳ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በጥላ ሥር መስጣት አለበት፤ የፀሐይ ጨረር መድኃኒቱን ያደክማል። በቀን ለሚተኙ ሕፃናትና ለአልጋ ቁራኞች በቀንም ቢዘረጋ ይጠቅማል። ብዙ ቤተሰብ ወይራና ሌሎች መዓዛማ ተክሎችን በማጨስ ትንኝ ያባርራል። ጭሱ ትንኝን ለጊዜው ሊያርቅ ይችላል፤ ሆኖም በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚታፈን ጭስ ሳንባን ይጎዳል፤ የመተንፈሻ አካል በሽታ በተስፋፋበት ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ያመዝናል። ሳል ያለበት ሰው፣ አረጋዊ ወይም ሕፃን ባለበት ክፍል ውስጥ ማጨስ አይመከርም።

ትኩሳት ሁሉ ኮሮና አይደለም። የወባ፣ የደንጊና የኮሮና ሕመሞች ሁሉም በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በሰውነት ቁርጥማት ሊጀምሩ ይችላሉ፤ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ወደ ለይቶ ማቆያ እንዳይወሰድ በመፍራት ትኩሳቱን ደብቆ በቤት የተኛ ሰው በወባ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ትኩሳት የጀመረው ሰው ጭምብል አድርጎ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ሊመረመር ይገባል። ደንጊ በሚታይበት አካባቢ ምርመራው ሳይታወቅ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መውሰድ የደም መፍሰስን ሊያባብስ ስለሚችል አደገኛ ነው።

ዝንብ

ዝንብ በሰገራና በበሰበሰ ቆሻሻ ላይ ትፈለፈላለች፤ ከዚያም በእግሯና በአፏ የተቅማጥ ተሕዋስያንን ወደ ምግብ ታመጣለች። በዓለም ከፍተኛው የትራኮማ ጫና ባለባት ኢትዮጵያ በሕፃናት ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ ሌላ መዘዝ አለው። ይህ የዝንብ ዓይነት በተለይ የሚራባው ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ሰገራ ነው፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤትን መጠቀምና የልጆችን ፊት ማጠብ ከማንኛውም የሚረጭ መድኃኒት ይበልጣል።

የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ዝንብ ይጠራል በማለት የሚቃወሙ አሉ። በደንብ ካልተሠራ እውነት ነው። የአየር ማስወጫ ቱቦ የተገጠመለት መጸዳጃ ግን በቀላል ዘዴ ይሠራል። ነፋስ በቱቦው አናት ላይ ሲያልፍ ከጉድጓዱ ውስጥ አየርና ሽታ ወደ ላይ ይስባል። ክፍሉ ጨለም ያለ ከሆነ በጉድጓዱ ያለችው ዝንብ ብርሃን ወደሚታይበት ቱቦ ትበራለች፤ በአናቱ በተወጠረው ወንፊት ስለምትታገድ እዚያው ትሞታለች። ወንፊቱ ከተቀደደ ዘዴው ሁሉ ይፈርሳልና በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ቱቦ የሌለው ጉድጓድ ገጣጣሚ ክዳን ይኑረው። የወጥ ቤት ተረፈ ምርት ክዳን ባለው ዕቃ ተይዞ ሳይቆይ መወገድ ወይም በጓሮ ለብስባሽ በአፈር መሸፈን አለበት። የታመመ ሰው የተጠቀመበት ጭምብልና ሶፍት ግን ከዚህ ተለይቶ በፌስታል ታስሮ ይወገዳል።

አይጥና የእህል ክምችት

የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ስለዚህ ትርብም አትርብም ትከረክራለች። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ማለፍ ትችላለች። በጭቃ ብቻ የተመረገን ቀዳዳ በአንድ ሌሊት ልትከፍተው ስለምትችል በመጀመሪያ የብረት ሽቦ ጠቅጥቆ፣ በላዩ ሲሚንቶ መምረግ ይሻላል። በር ሥር ያለው ክፍተት ቆርቆሮ ይመታበት። ጆንያ መሬት ላይ ከሚቀመጥ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር፤ በውጭ ያለ ጎተራም ቋሚዎቹ ላይ የተገለበጠ ሾጣጣ ቆርቆሮ ቢታሰርባቸው አይጥ መውጣት ያቅታታል። ለዕለት የሚሆነው ዱቄትና ሽሮ ክዳን ባለው የብረት ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ሽታው ስለሚታፈን የመጋበዝ ኃይሉ ይቀንሳል።

ወጥመድ ከመርዝ ይመረጣል። መርዝ የበላች አይጥ ግድግዳ ውስጥ ሞታ ትሸታለች፤ የበላቻት ድመትም ልትመረዝ ትችላለች። ከሁሉም በላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች በቤት በሚውሉበት ጊዜ ከእህል ጋር የተቀላቀለ መርዝ በየጥጉ ማስቀመጥ ከባድ አደጋ ነው።

የኬሚካል አያያዝ

በረኪና፣ የነፍሳት ማጥፊያና የእጅ ማጽጃ አልኮል በአንድ ቤት በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የተገኙበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። በባዶ ሃይላንድ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መቅዳታቸው የተለመደ ነው፤ ውኃ የመሰለውን በረኪና የጠጣ ልጅ ግን ጉሮሮው ይቃጠላል። በመጡበት ዕቃ፣ ጽሑፋቸው ሳይላጥ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ሊቀመጡ ይገባል። በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞንያ ካለበት የጽዳት ፈሳሽ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያመነጫል። ለእርሻ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ መድኃኒት በአልጋ፣ በልብስና በልጅ ፀጉር ላይ ለትኋንና ለቅማል መርጨት ሰው ገድሎ ያውቃል። ልብስንና አንሶላን ማፍላት፣ ስፌቱንም በጋለ ካውያ መተኮስ ቅማልን ከነእንቁላሉ ያጠፋል። የጓሮ ጎመን ክሽክሽ ሲመታው ጥቂት ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ በቅጠሉ ሥር ቢረጭ አብዛኛውን ያነሳል፤ ጎመኑ ታጥቦ ለመበላትም አያስፈራም።

የሌሊት ወፍ በጣሪያ ሥር ከተገኘ ሊገደል አይገባውም፤ በርካታዎቹ ነፍሳትን እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። በባዶ እጅ አለመንካት፣ ከወጣ በኋላም መግቢያውን መድፈን ይበቃል። ሉካንዳና ምግብ ቤት ሲዘጋ የሚራቡት የሰፈር ውሾች ወደ ቤቶች የሚቀርቡት ውጭ ለተጣለ አጥንትና የዶሮ ተረፈ ምርት ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ቢቀበር ጅብንም ያርቃል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ቁስሉ ቀላል ቢመስልም፣ በዚያው ቀን ክትባት ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።